የአሳማ ጆሮ እና የእትዬ አበበች ምሳ

ሰኞ

ዳዊት የዳጣ ጠርሙስ ይዞ መጣ። ገና ጃኬቴን ሳላወልቅ ቢሮዬ በር ላይ ቆሞ አየሁት። በጋዜጣ የጠቀለለውን ጠርሙስ ጠረጴዛዬ ላይ አኖረና ወደ ኋላ አፈገፈገ። ፈታሁት። የአሳማ ጆሮ ቁርጥራጭ፣ በአረቄ የተዘፈዘፈ።

"ናሙና የሚቀመጠው በአልኮል ነው ስትይ ሰምቼ ነበር" አለኝ።

አረቄውን ከየት አመጣህ አልኩት። እናቱ የጸሎት ቤታቸው የሴቶች ኅብረት ሰብሳቢ ናት፤ አረቄ በሚሸጥበት መንገድ እንኳ አታልፍም። "ሰው ልኬ አስገዛሁ" አለና አንገቱን ደፋ። ሳቄን ዋጥኩት።

አሳማዎቹ እየሞቱ ነው አለ። የማን አሳማዎች?

"የእኛ።"

ጆሮዬ ጭው አለ። የእኛ! ከሶዶ ወደ ሁምቦ ከሚወስደው መንገድ ወጣ ብሎ፣ በቆርቆሮ አጥር ውስጥ፣ ዳዊትና እናቱ አሳማ ያረባሉ። ሥጋውን የሚወስደው መንገድ የሚሠሩ ፈረንጆች ካምፕ ነው። ለጎረቤትና ለምእመኑ ግን በግ እናደልባለን ብለዋል።

ደሜ ስለፈላ ሁሉንም ልጻፈው። የእኔ ሥራ አሳማ ነው። የቤት አሳማ፣ የዱር አሳማ፣ ከርከሮ፤ የጆሮ ቁራጭ፣ ፀጉርና ደም እየሰበሰብኩ በየብልቃጡ ከትቼ ማቀዝቀዣ ውስጥ አኖራለሁ፤ ተመራማሪዎች ዘራቸውን እንዲያጠኑበት። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከዳዊት ጋር ልንጋባ ሽማግሌ ተልኮ፣ አባቴ እሺ ብሎ ነበር። እናቱ እትዬ አበበች ቤታችንን ልታይ መጣች። ቆጮውን በእጄ አቀረብኩላት። "ሥራሽ ምንድን ነው ልጄ?" አለችኝ። ነገርኳት። እጇን ከነጠላዋ ሥር ከተተች። "አሳማ ከሚነካ እጅ አልበላም" አለች። በአባቴ ፊት፣ በተጠሩት ጎረቤቶች ፊት። ተነስታ ወጣች፤ ዳዊትም ተከትሏት ወጣ። እስከ ዛሬ ጠዋት አልተመለሰም።

(ፊት ለፊት ስንገናኝ "እርስዎ" እላታለሁ፤ ያደግኩት እንደዚያ ነው። እዚህ ግን ማንም አይሰማኝም፤ "እሷ" ናት።)

ትኩሳት አላቸው? አዎ። ጆሯቸውና ሆዳቸው ይቀላል? አዎ። መብላት አቁመው በማግስቱ ይሞታሉ? አዎ። ምርመራ ሳልልክ አወቅኩት። የአፍሪካ የአሳማ ትኩሳት ይሉታል። ሰው አይዝም፤ አሳማን ግን ጠራርጎ ነው የሚወስደው። መድኃኒት የለውም። በተጠረጠረ ዕለት ለእንስሳት ጤና ቢሮ መደወል ግዴታ ነው። ቢሮው መጥቶ በሩን ያሽጋል፤ የተረፉትን ገድሎ ይቀብራል።

"አስቴር፣ እባክሽ፣ ለማንም ሳትናገሪ መጥተሽ እይልን" አለኝ።

ስልኬ እጄ ላይ ነበር። ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩትና እንዲህ አልኩት፦ "እናትህ አባቴ ቤት ትምጣ። ከእጄ ትብላ። ያኔ ዝም እላለሁ፤ መጥቼም አያለሁ።"

ጋዜጣውን አጣጥፎ ይዞ ሄደ። ለቢሮው ነገ እደውላለሁ። ዛሬ ግን ሴትዮዋ እንቅልፍ ትጣ።

ማክሰኞ

አልደወልኩም።

ዶክተር ይርጋ ጠርሙሱን አየው። አለቃዬ ነው፤ ከጎንደር ተመድቦ የመጣ የእንስሳት ሐኪም። ደግ ሰው ነው፤ ብቻ የእኔ ማቀዝቀዣ ባለበት ክፍል ምሳውን ከፍቶ አያውቅም። የአሳማን ስም እንኳ ላለመጥራት "ያንቺ እንስሳት" ነው የሚለው።

"ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?"

"አንድ ገበሬ ያመጣው ነው።"

"ከታመመ ነው የተወሰደው?"

"እንጃ" አልኩ። ዓይኑን አላየሁም።

"ከተጠራጠርሽ እንዳታሳድሪው" አለኝና ወጣ። አሳድሬዋለሁ፤ ዛሬም ሊያድር ነው።

ከሰዓት በኋላ ማቀዝቀዣውን አጸዳሁ። ሲከፋኝ የምሠራው ሥራ ነው። ላይኛው መደርደሪያ የዱር ነው። ቆላ ወርጄ፣ ገበሬዎቹ ቦዬና ካሳቫቸውን ከነሥሩ እየቆፈረ የሚያጠፋባቸውን የዱር አሳማ ከውሾቻቸው ጋር አድነው ሲጥሉ፣ ሥጋውን ማንም ስለማይነካው ለጅብ ሳይተዉት ጆሮውን ቆርጬ የያዝኩት። ሴት ልጅ በጦር መሀል ምን ታደርጋለች እየተባልኩ። ታችኛው የቤት ነው። ከዚያ ውስጥ የምሳሳለት የጋሽ ማርቆስ ዘር ነው። ጋሽ ማርቆስ ሻንቶ ነው የሚኖሩት፤ በግ ነው ምናምን ሳይሉ በግልጽ አሳማ የሚያረቡ ሽማግሌ። አጫጭር፣ ጥቋቁር፣ ፀጉራም ናቸው አሳማዎቻቸው፤ ከአባታቸው ነው የወረሷቸው፤ እንደነሱ ያለ ዘር ሌላ ቦታ አላገኘሁም። የእናቶቹን ናሙና ይዣለሁ፤ የግልገሎቹ ይቀረኛል።

ዳዊት ደወለ። እናቱ "ብሞት አልሄድም" ብላለች። ይሁና። ሌላም ሞቷል አለ። ከዚያ እንደ ቀላል ነገር፣ "የሚገርመው ከጫካ ያመጣናት ምንም አልሆነችም" አለኝ።

"ከጫካ ምን?"

የዱር አሳማ ግልገል ገዝተው ከቤት አሳማዎቹ ጋር ዘግተዋታል! ከአባያ በኩል አዳኞች ይዘው ያመጧት። ብትዳቀል የማይታመም ዘር ይወጣል ብሎ የነገራቸው ሰው አለ። ይህንን በሽታ የሚሸከመው እኮ የዱሩ ነው። ይሸከመዋል፣ እሱን አያመውም፤ የቤቱን ይጨርሳል። አንድ ሐኪም ቢጠሩ፣ አንድ ሰው ቢጠይቁ ይሄ ሁሉ ባልመጣ። ግን በግ ነው ብለዋላ! በግ ነው ተብሎ የአሳማ ሐኪም እንዴት ይጠራል?

የምፈራው፦

ከዚያ ግቢ አንድ አሳማ ወጥቶ ገበያ እንዳይሄድ።

የሞቱትን ገደል እንዳይጥሏቸውና ውሻ እንዳይጎትት።

ጋሽ ማርቆስ።

እትዬ አበበች ሳትበላ ነገሩ እንዳያልቅ።

አራተኛውን ልሰርዘው ነበር። ተውኩት፤ እውነት ነው።

ረቡዕ

ሄድኩ። ሳትበላ አልሄድም ብዬ ነበር፤ የዱሯ ግልገል ግን አላስቻለኝም።

ዳዊት በባጃጅ ወሰደኝ። ቦት ጫማዬን በላስቲክ አድርጌ፣ በረኪና ይዤ። አጥሩ ላይ በትልቁ "በግ ማድለቢያ" ተብሎ ተጽፏል፤ ከሥሩ ጥቅስ አለ። ከውስጥ ያለው ሽታ ግን አይዋሽም። ፊት ለፊት ያለው ጉረኖ ውስጥ የቀሩት ጥግ ላይ ተደራርበው ተኝተዋል፤ ጆሯቸው ወይን ጠጅ ሆኗል። አንዷ ልትነሳ ሞክራ የኋላ እግሯ ከዳት። ደስ ይለኛል ብዬ ነበር የመጣሁት። አሳማዋስ ምን አደረገችኝ?

የዱሯ መሀል ቆማለች። ቀይ፣ ጀርባዋ ነጭ ፀጉር ያለበት፣ ዓይኗ ንቁ። ቆንጆ ናት።

"አንተ" አልኩት ዳዊትን፣ "ፍየልና ላም አዳቅለህ ታውቃለህ?"

"አላውቅም።"

"እነዚህም እንደዚያው ናቸው። መልካቸው ይመሳሰላል እንጂ ዘራቸው አይገናኝም። ማቀዝቀዣዬ ሙሉውን እሱን ነው የሚናገረው። ያኔ ስለ ሥራዬ ስነግርህ ብትሰማኝ ኖሮ ታውቀው ነበር።"

ግልገሏን ያዘልኝ፤ ደምና የጆሮ ቁራጭ ወሰድኩ። ከታመሙትም ደም ወሰድኩ። ዓይኑን ጨፍኖ ነበር የያዘልኝ። ድሮም ፈሪ ነው። እናቱ ስትነሳ የተነሳው ስለሚጠላኝ አልነበረም፤ መቀመጥ ስለፈራ ነው። ይሄ ይብስ ያናድደኛል።

ከጀርባ፣ ከግንቡ ማዶ ሌላ ጉረኖ አለ። ጤነኞቹ እዚያ ናቸው። ወፍራም፣ ነጫጭ፣ ሲያዩኝ የሚበሉት ያመጣሁ መስሏቸው ተንጫጩ።

"ከዚህ አንዲትም እንዳትወጣ" አልኩት።

"እሺ።"

"ማልልኝ።"

"እሺ አልኩሽ አስቴር።" ባጃጁ ጋ ስንደርስ ቀስ ብሎ፣ "እናቴ ነገ ምሳ ሰዓት ትመጣለች" አለኝ።

ደስታዬን መደበቅ አቃተኝ። የታመሙትን አሳማዎች እዚያው መንገድ ላይ ረሳኋቸው። ቅቤ ገዝቼ ገባሁ።

ሐሙስ

በላች!

በዝርዝር ልጻፈው፤ ሳረጅ እንዳነበው።

ከሥራ አስፈቅጄ ቀረሁ። አባቴ ግራ ገብቶታል፤ አናጢ ነበር፣ አሁን ወገቡ እምቢ ብሎታል፤ ኦቶና ሰፈር ያለው ቤታችን ውስጥ ቀኑን ሙሉ ሬድዮ እየሰማ ይውላል። "ሴትዮዋ ለምን ትመጣለች?" ይለኛል። "ልትታረቀን" አልኩት። ደስ አለው፤ ጫማውን ጠረገ። ለምን ዋሸሁት? ደግሞም ያን ቀን የነበሩትን ጎረቤቶች ጠራሁ። አንዳቸውም አልቀሩም።

መጣች፤ በነጭ ነጠላ፣ በጥሩ ጫማ። "እንደምን ዋልክ አያ ቶማስ" አለችው አባቴን፣ ትናንት አብረው እንደዋሉ ሁሉ። ተቀመጠች። እኔ ውሃ ይዤ አስታጠብኳት። ከዚያ እኔም እጄን ሁሉም እያየ ቀስ ብዬ ታጠብኩ። ትኩስ ቆጮ በቅቤ፣ ዳጣ፣ አይብ። ቆርሼ ጠቀለልኩና አፏ ድረስ ወሰድኩት።

"እንኩ ይብሉ እትዬ አበበች።"

አፏን ከፈተች። ጎረሰች። አላመጠች። ዋጠች።

ሁለተኛም አጎረስኳት። ጎረሰች። ከዚያ ራሷ በእጇ ትበላ ጀመር፤ ዳጣ ጨምሪልኝ አለችኝ። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ጎረቤታችን በዓይኗ ጠቀሰችኝ። ያን ሁሉ ጊዜ በዚህ መንደር ሳልፍ አንገቴን ደፍቼ ነበር፤ ዛሬ ቀና አልኩ።

ስትወጣ በር ድረስ ሸኘኋት። እጄን ይዛ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ "እንግዲህ እስከ ሰኞ ዝም ትያለሽ አይደል ልጄ?" አለችኝ።

"ዝም እላለሁ።"

እስከ ዓመት ብትለኝም እሺ እል ነበር።

እንግዶቹ ሲሄዱ አባቴ ሬድዮውን ዘጋና፣ "እየበላች ስልኳን ደጋግማ ታይ ነበር" አለኝ። ብታይስ አልኩት። አፍራ ዓይኗን የምትጥልበት አጥታ ነው።

ዓርብ

አላፈረችም!

ጠዋት ዳዊት ስልክ አያነሳም። ባጃጅ ይዤ ወደ ግቢያቸው ሄድኩ። ዘበኛው አወቀኝና ከፈተልኝ። የኋላው ጉረኖ ባዶ ነው። ተጠርጎ፣ ገለባው እንኳ ወጥቶ።

"የታሉ?"

"ትናንት አይሱዙ መጥቶ ጫናቸው" አለ።

"ስንት ሰዓት?"

"ምሳ ሰዓት ላይ።"

ምሳ ሰዓት። እኔ ጠቅልዬ ሳጎርሳት። እዚያው ቆሜ መሳቅ ጀመርኩ፤ ዘበኛው ፈርቶኝ ራቅ አለ። ሴትዮዋ የምታየው ስልክ "ጫንን" የሚል መልእክት ነበር የምትጠብቅበት። ጤነኛ የሚመስሉትን ሸጣ እስክትጨርስ አፌን ማዘጋት ነበረባት፤ ዋጋው ደግሞ ሁለት ጉርሻ ቆጮ። እኔ ያዋረድኳት መስሎኝ ጎረቤት ጠርቼ እያየሁ፣ እሷ ገበያ ላይ ነበረች። የሰጠኋት ጊዜ ነው። በሽታው ገና ያልታየባቸውን እንስሳት እንድታወጣ በገዛ እጄ መንገድ ጠረግኩላት።

ተናድጄ አላውቅም፣ እንደዚህ። በባጃጅ ውስጥ የተናገርኩትን ስድብ እዚህ አልጽፈውም፤ ሾፌሩ ሬድዮውን ከፍ አደረገው።

ዶክተር ይርጋ ቢሮ ገብቼ ሁሉንም ነገርኩት። ጠርሙሱን፣ ግልገሏን፣ ምሳውን። ሲሰማ ብዕሩን አስቀመጠ።

"ከመቼ ጀምሮ ነው የምታውቂው?"

"ከሰኞ።"

"አንቺ ባለሙያ ነሽ እኮ አስቴር።" ድምፁን ከፍ አላደረገም። ቢጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። እዚያው ለእንስሳት ጤና ቢሮ ደወለ፤ የረቡዑን ደም በመኪና ወደ አዲስ አበባ አስላከ። ስለ እኔም ለበላይ እንደሚጽፍ ነገረኝ። "እስኪወሰን ግን ሥራሽን ቀጥዪ፤ ሌላ ሰው ያንቺን እንስሳት አይነካልኝም" አለኝ።

ዳዊትን ያገኘሁት ወደ ማታ፣ ከሱቃቸው ፊት ነው። እናቱ ውስጥ ሆና ሳሙና ትሸጣለች። እሺ ብለኸኝ አልነበር አልኩት። "ሰኞ ሳይደርስ ይሸጥ አለች፤ ምን ላድርግ?" አለ።

"ለማን?"

መንገዱን አየ፣ ጫማውን አየ። "ሻንቶ። ለማርቆስ።"

ቅዳሜ

ትናንት ጨልሞ ነበር፤ ለዶክተር ይርጋ ደውዬ ነገርኩት፤ ለጋሽ ማርቆስ ብደውል ግን ስልካቸው ዝግ ነው፤ ሁልጊዜም ዝግ ነው። ዛሬ በመጀመሪያው ሚኒባስ ሄድኩ፤ ከቢሮው ሰዎች ቀድሜ። ያን ግቢ የረገጠውን ጫማና ልብስ ሁሉ ቤት ትቼ፣ ገላዬን ሁለቴ ታጥቤ።

በር ላይ ቆመው ነበር። ጋሽ ማርቆስ አማርኛ ሲናገሩ አንቺና አንተ ይቀላቀልባቸዋል፤ እኔ ብዙ ጊዜ አንተ ነኝ።

"ሳሮ ሳሮ፣ ሰላም ነህ አስቴር! እግዚአብሔር ነው የላከህ። እኔ ወደ አንተ ልመጣ ነበር።" ፊታቸው በርቷል። "ያልከውን አገኘሁ። አዲስ ደም።"

ያልኩት። ባለፈው ስመጣ እኔ ነኝ የነገርኳቸው፦ አሳማዎችዎ ለረጅም ጊዜ እርስ በርስ ስለተዋለዱ ዘራቸው እየደከመ ነው፤ ከሌላ ቦታ አዲስ ደም ያስገቡ። ሲፈልጉ ከርመዋል። ርካሽ ነው ተብሎ የመጣላቸውን ይዘው እኔን ሊያስደስቱ ነበር።

"ቀላቀሏቸው?" አልኳቸው።

"ኧረ! ጆሮ ሳትቆርጥ እንዴት ይቀላቀላል? አንተ አይደለህ ያስተማርከኝ? ቅድሚያ ጆሮ፣ ቁጥር፣ ከዚያ ነው መቀላቀል።" ወደ ጓሮ ወሰዱኝ። አዲሶቹ አቮካዶው ሥር ታስረዋል። የሳቸው ጥቋቁሮች ጉረኗቸው ውስጥ ናቸው። መሀል ያለው ግቢውን አቋርጦ የሚያልፈው መንገድ ብቻ ነው። አንድ ሰው፣ አንድ ባልዲ፣ አንዲት ዶሮ ያቋርጠዋል።

ከነጮቹ አንዷ አልበላችም። ጆሮዋን ዳሰስኩት፤ ያቃጥላል።

እዚያው ነገርኳቸው። ማስታወሱ ራሱ ያሳፍረኛል። ሳይቆጡ አዳመጡኝ። የቢሮው መኪና ደረሰ፤ አዲሶቹን ወስደው ገደሉ፣ ጉድጓድ ተቆፈረ፣ ኖራ ተነሰነሰ፤ ጥቋቁሮቹ ስላልተቀላቀሉ የደማቸው ውጤት እስኪመጣ ተተዉ። እኔ በዚያ ሁሉ መሀል ከእያንዳንዱ ጥቁር አሳማ፣ ከግልገሎቹም ጭምር፣ የጆሮ ቁራጭና ደም ወሰድኩ። ደሙ ለምርመራ። ጆሮው ለማቀዝቀዣው፤ ቢሞቱ እንኳ ዘሩ እንዳይጠፋ ብዬ አስረዳኋቸው።

"በብልቃጥ ያለ አሳማ አይወልድም" አሉኝ።

ከዚያ ጠየቁኝ። "እነዚያ ሰዎች ጋ በሽታ እንዳለ መቼ አወቅህ?"

"ሰኞ።"

"የተሸጠልኝ ሐሙስ ነው።"

"አዎ ጋሽ።"

ለምን ብለው አልጠየቁም። ቢጠይቁ ምን እመልስ ነበር? ሴትዮዋን ከእጄ ላበላት ፈልጌ? በሩን ዘጉት፤ ቀስ ብለው፣ እንደ ወትሮው።

እሑድ

የሁምቦው ግቢ ትናንት ታሸገ። የተረፉት ተገድለው ተቀበሩ፤ የዱሯም ግልገል። ወሬው ሶዶን አዳርሷል። የበጉ ማድለቢያ የአሳማ ነበር!

ልዋሽ አልችልም፤ ደስ አለኝ። ጸሎት ቤታቸው ሄድኩ፤ የእኔ አይደለም፤ የሄድኩት ፊቷን ላይ ብቻ ነው። ከኋላ ተቀመጥኩ። ሰው ይንሾካሾካል። የተቀመጠችበት ወንበር ግራና ቀኙ ባዶ ነው። አንድም መዝሙር አላመለጣትም።

ሲያልቅ በር ላይ ጠበቅኳት። ምን ልላት እንደሆነ ትናንት ሌሊቱን ሙሉ አዘጋጅቼ ነበር፤ ጋሽ ማርቆስን፣ ውሸቷን፣ ሁሉን። ቀድማኝ ሰላም አለችኝ።

"ቆጮሽ ጥሩ ነበር" አለች።

ያዘጋጀሁት ሁሉ ጠፋኝ። የወጣው ሌላ ነው፦ "አሳማ እያረቡ፣ ያኔ ከእጄ ለምን አልበላም አሉ?"

ነጠላዋን አስተካከለች። "ያኔ ገና አልጀመርንም ነበር። ግን አሳማው ምን አደረገኝ? የአባትሽን የዛገ ጣሪያ አየሁ። ልጄን እዚያ ቤት ልድር? እሱን ባፌ ብል ሰው ይታዘበኛል። አሳማሽን ምክንያት አደረግኩ።" እንደ እናት ትከሻዬን መታ መታ አድርጋ አለፈች።

በእግሬ ነው ወደ ኦቶና የተመለስኩት። ይሄን ሁሉ ዘመን በዚህ እጄ ሳፍር ኖሬያለሁ። ሰው ቤት ስበላ እጄን ደጋግሜ እታጠብ ነበር። ሐሙስ ያን ሁሉ የደገስኩት እጄን ለማስከበር ነው። እጄን አልነበረም የጠላችው። ሁለት ጉርሻ አይደለም፣ ሙሉ ገበታ ብትበላልኝ የምበቀለው ነገር እዚያ አልነበረም። ለዚህ ነው የሽማግሌውን ግቢ ለበሽታ ያጋለጥኩት።

አባቴ፣ "ታረቃችሁ?" አለኝ። ጣሪያውን ቀና ብዬ እንዳላይ ተጠንቅቄ፣ "አዎ" አልኩት።

እጠላታለሁ። ይሄ አልቀነሰም። ይልቅ ጨመረ።

ሰኞ

የሁምቦው ደም ውጤት መጣ፦ ያው ነው፣ ትኩሳቱ። የዱሯ ግልገል ደም ውስጥም ተገኝቷል። የጋሽ ማርቆስ ገና ነው።

ሻንቶ ሄጄ ነበር። በር ላይ ቆሜ ተጣራሁ። ሳል ሰማሁ፤ አልከፈቱም። በረኪናውን በሩ ሥር አስቀምጬ፣ ጫማ መንከሪያው በየቀኑ ይቀየር ብዬ በአጥሩ ላይ ጮኼ ተመለስኩ።

ዳዊት ደውሎ ነበር። አነሳሁት። ይቅርታ ሊል ይመስለኛል፤ ሳይጨርስ ዘጋሁት። ከበቀሌ የቀረችኝ ይቺ ስልክ መዝጋት ብቻ ናት፤ ትንሽ ናት፤ ግን ደስ ብሎኛል።

ረቡዕ

ዶክተር ይርጋ ክፍሌ ድረስ መጣ፤ ማቀዝቀዣው አጠገብ። እዚህ ቆሞ አይቼው አላውቅም። "ያንቺ ሽማግሌ አሳማዎች" አለኝ። ስሙን ጠራው! "የሁሉም ነጻ ነው። ግን ገና ነው፤ በሽታው ተደብቆ ሊቆይ ይችላል። እንደገና መወሰድ አለበት።" ስለ እኔ የጻፈውን ደብዳቤም ነገረኝ፤ ልኮታል። ልክ ነው አልኩት።

ሚኒባሱ እስኪሞላ መጠበቅ አቃተኝ። የቀረውን ወንበር እኔ ከፍዬ አስነሳሁት።

በር ላይ ተጣራሁ። በአጥሩ በኩል ነገርኳቸው፦ ነጻ ናቸው ጋሽ፣ ለጊዜው ነጻ ናቸው፤ ግን ሌላ ደም መውሰድ አለብኝ፤ ካልፈለጉ ሌላ ሰው ይላክልዎታል።

ረጅም ጊዜ ቆየሁ። ከማዶ ያለች ባለሱቅ ወንበር አወጣችልኝ፤ አልተቀመጥኩም።

የበሩ መቀርቀሪያ ተንቋቋ። በሩ ሰው በሚያሳልፍ ያህል ተከፈተ። ጫማዬን አዩት፤ በረኪናው ውስጥ እስክነክረው ጠበቁ። ቀድመው ወደ ጉረኖው ገቡ፣ ተንበረከኩ፣ ትልቋን እናት አንገቷን አቅፈው ያዟት። ጆሮዋን በጣታቸው ዘርግተው ወደ እኔ አዞሩት።

"ውሰድ" አሉኝ፣ ሳያዩኝ። "ቀስ ብለህ። እርጉዝ ናት።"

ጓንቴን አጠለቅኩ። መርፌው በመጀመሪያው አልገባም። እሷም እሳቸውም ጠበቁኝ።